ለተረሱ ተዋንያን የኖረ ተዋናይ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ሮዲ ማክዳውል እንደ ምሳሌ

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዛሬ ሆሊውድ ፎርኤቨር በሚባለው መካነ መቃብር፣ ፍሎረንስ ሎውረንስ የምትባል ተዋናይት አርፋለች። በ1938 ስትሞት በመቃብሯ ላይ ስሟን የሚናገር ድንጋይ አልቆመም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይም እንዲሁ ቆየ። በ1991 የመታሰቢያ ድንጋዩን ወጪ የሸፈነው የሥጋ ዘመዷ ያልሆነ፣ በልጅነቱ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ተዋናይ ነበር፤ ስሙም ሮዲ ማክዳውል ይባላል። ይህ መመሪያ እንደ ማክዳውል ያለን ሰው፣ ማለትም በራሱ ሥራ ዝነኛ ሆኖ ሳለ ዝናቸው ያለፈባቸውን የሙያ ቀደምቶቹን ሲንከባከብና ሲያስታውስ የኖረን ተዋናይ፣ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በውዳሴ ሳይሆን በሥራ ዝርዝር መጀመር

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ጸሐፊው «ልበ ቀና ነበር፤ የቀድሞ ተዋንያንን ይወድ ነበር» ብሎ ይነሳና ገጽ በገጽ ያንኑ ሲደጋግም ይውላል። አንባቢ ግን ፍቅሩን የሚያምነው የተደረገውን ነገር ሲያይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባለታሪኩ ለተረሱት ሲል የፈጸማቸውን፣ ቀንና ቦታ ሊገኝላቸው የሚችሉ ድርጊቶች ብቻ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ማክዳውልን በተመለከተ የፊልም ቅጂዎችን መሰብሰቡን፣ ባልደረቦቹን ፎቶግራፍ እያነሳ ከ1966 ጀምሮ በተከታታይ መጻሕፍት ማሳተሙን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም ጥበቃ ቦርድ ውስጥ ተዋንያንን ወክሎ ማገልገሉን፣ በዉድላንድ ሂልስ የሚገኘውን የአረጋውያን የፊልም ባለሙያዎች መኖሪያ መደገፉን፣ የሎውረንስን ድንጋይ ማስቆሙን ያገኛሉ። በመኖሪያው ግቢ ያለው የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እያንዳንዱ ድርጊት ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል፤ የመጽሐፉም አጥንት የሚሆነው ይህ ዝርዝር ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የራሱን የሙያ ጉዞ በቀጥታ የጊዜ መስመር ያስቀምጡ። ማክዳውል በመስከረም 1928 በለንደን ተወለደ፤ በሕፃንነቱ በእንግሊዝ ፊልሞች ላይ ታየ፤ በ1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ጊዜ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ወሰደው። በ1941 በጆን ፎርድ የተዘጋጀውና የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመው ሥራ ላይ በመጫወት በአንድ ጊዜ ታዋቂ ሆነ። በ1943 ከኤልዛቤት ቴይለር ጋር አብሮ ሠራ፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ዕለተ ሞቱ ዘለቀ። ከ1968 ጀምሮ በ«ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ» ፊልሞች ፊቱን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን የገጽ ቅብ ተጫወተ። በጥቅምት 1998 በሰባ ዓመቱ በካንሰር ሕመም አረፈ።

በዚህ የጊዜ መስመር ላይ ቀረብ ብለው ሊያዩት የሚገባ አንድ ክፍተት አለ። ልጅ ሆኖ ዝናን ያገኘው ተዋናይ ጎልማሳ ሲሆን የፊልሙ ሥራ ሳሳበት፤ እሱም ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በመድረክና በቴሌቪዥን እንደገና ከመሠረቱ መሥራት ጀመረ፤ በ1960ም በመድረክ ሥራው የቶኒ ሽልማትን አገኘ። በእኔ እምነት የዚህ ሰው ታሪክ ቁልፍ የሚገኘው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው። አንድ ኢንዱስትሪ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ያወደሰውን ሰው በሃያዎቹ ዕድሜው ቸል ሲለው ምን እንደሚሰማ ያወቀ ተዋናይ፣ በሰባ ዓመታቸው ስልክ የማይደወልላቸውን ሰዎች ሁኔታ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ይህ ግን የጸሐፊው ግምት መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መታወቅ አለበት፤ ባለታሪኩ በራሱ አንደበት ካልተናገረው በስተቀር «እንዲህ ብሎ አሰበ» ተብሎ አይጻፍም።

የተረሳውን ሰው ራሱን መመርመር

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይሰንፋሉ። ባለታሪኩ የረዳቸው ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሱና ይታለፋሉ፤ በዚህም ሁለተኛ ጊዜ ይረሳሉ። የማክዳውልን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ስለ ፍሎረንስ ሎውረንስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለመጻፍ የሚያበቃ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል፤ ማክዳውል ገንዘቡን ያወጣበት ድንጋይ ትርጉም የሚኖረው ከሥሩ ያለችው ሴት ስትታወቅ ነውና።

ሎውረንስ በካናዳ ሐሚልተን ከተማ ተወልዳ በ1908 በኒውዮርክ ባዮግራፍ በተባለው ኩባንያ ተቀጠረች። በዚያ ዘመን ኩባንያው የተዋንያኑን ስም ለሕዝብ አይገልጽም ነበር፤ ስም የወጣለት ተዋናይ ከፍ ያለ ደመወዝ ይጠይቃል ተብሎ ይሠጋ ነበርና። ተመልካቾች ግን ፊቷን ለይተው «የባዮግራፏ ልጅ» ይሏት ጀመር። ቆይቶ ካርል ላምሌ የተባለው ነጋዴ ወደ ራሱ ኩባንያ ወሰዳት፤ በ1910 መጀመሪያ ላይም ተዋናይቷ በትራም አደጋ ሞታለች የሚል ወሬ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተሰማ። የላምሌ ኩባንያ በመጋቢት ወር በፊልም ሙያ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ወሬውን ሐሰት ነው በማለት አስተባበለ፤ ተዋናይቷም ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዳ በሕዝብ ፊት ቆመች።

ይህን ታሪክ በየመጽሐፉ ሲያነቡ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት አተራረክ ይቀርብልዎታል፤ ወሬውን ያስወራው ራሱ ላምሌ እንደሆነ፣ ዓላማውም ስሟን ማግነን እንደነበር ይነገርዎታል። ማስታወቂያው ደግሞ ጥፋቱን በኩባንያው ጠላቶች ላይ ነው የሚጥለው። ጥንቁቅ ጸሐፊ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ይመለከታል። መጀመሪያ የማስታወቂያውን ገጽ ራሱን ያንብቡ፤ ቀኑን፣ የተጠቀመበትን ቃል፣ በዚያው እትም ሌሎች ገጾች ስለ እሷ የተጻፈ ነገር መኖር አለመኖሩን ያስተውሉ። ቀጥሎ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት የታተሙትን የሴንት ሉዊስ ጋዜጦች ገጽ በገጽ ያገላብጡ፤ የሞት ዜናው በእርግጥ ታትሞ ከሆነ በየትኛው ጋዜጣ፣ በየትኛው ገጽ፣ በስንት መስመር እንደወጣ ይጻፉ፤ ካላገኙትም የትኞቹን ጋዜጦች ከስንት እስከ ስንት ቀን እንዳዩ ይመዝግቡ። በዚህ ሥራ የታጣ ነገር መዝገብ ከተገኘው ነገር መዝገብ ባልተናነሰ ይጠቅማል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ተመራማሪ ያንኑ መንገድ ከመድገም ያድነዋልና።

በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው «የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ» የሚለው ማዕረግም እንዲሁ ይመረመራል። በዚያው ዘመን ፍሎረንስ ተርነር «የቫይታግራፏ ልጅ» ተብላ ትታወቅ ነበር፤ በፈረንሳይም ማክስ ሊንደር በፊልም አማካይነት ዓለም አቀፍ ዝናን እያገኘ ነበር። ስለዚህ «ድንጋዩ እንዲህ ይላል» ማለት ይቻላል፤ «እንዲህ ነበረች» ለማለት ግን ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህን መጻፍ የማክዳውልን በጎ ሥራ አያሳንሰውም። እሱ ያስቆመው መታሰቢያ ነው፤ መመርመሩ የጸሐፊው ድርሻ ነው።

ሎውረንስ በመጨረሻ ዓመታቷ በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ስሟ በማይጠራባቸው ጥቃቅን ሚናዎች ትሠራ ነበር፤ በታኅሣሥ 1938 መጨረሻም በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። የተረሱ ተዋንያንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሞት ከመጠን በላይ ይወዱታል፤ መግቢያ ያደርጉታል፣ ርዕስ ያደርጉታል፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ሕይወት ሁሉ ወደዚያ ቀን የሚወስድ ጎዳና አስመስለው ይጽፉታል። ይህ ለሟቿ ክብር የማይመጥን ከመሆኑም በላይ ታሪኩን ያዛባዋል። ወደ ሦስት መቶ በሚጠጉ ፊልሞች ላይ የተጫወተች፣ መኪና መንዳት የምትወድ፣ መኪና መታጠፉን ለኋለኛው ሹፌር የሚጠቁም መሣሪያ እንደሠራች የሚነገርላት ሴት ነበረች። ሞቷን በአጭርና በአክብሮት መዝግቦ፣ ዝርዝር አፈጻጸሙን ትቶ፣ ሰፊውን ቦታ ለሥራዋ መስጠት ይገባል።

ፊልሞቹን ማግኘት

የተዋናይ የመጀመሪያው ማስረጃ ሥራው ነው፤ የድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያን ሥራ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳሳየው ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረዣዥም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ በወጡበት መልክ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 70 በመቶ የሚሆኑት ጨርሶ የሉም። ከምክንያቶቹ አንዱ ፊልሙ ራሱ የተሠራበት የናይትሬት ንጥረ ነገር ነው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠልና ከጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ነውና። በ1937 በኒው ጀርሲ በሚገኘው የፎክስ ኩባንያ መጋዘን የተነሳው እሳት የብዙ ተዋንያንን ሙሉ የሥራ ዘመን በአንድ ሌሊት አውድሟል። ሌላው ምክንያት ቸልተኝነት ነው፤ ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ዋጋ የለውም ተብሎ የተጣለው ቀላል አልነበረም።

ከ1912 በፊት ከተሠሩት አጫጭር ፊልሞች ብዙዎቹ በሌላ መንገድ ተርፈዋል። በዚያ ጊዜ የቅጂ መብት ለማስመዝገብ የፊልሙን ምስሎች በረጅም የወረቀት ጥቅልል ላይ አትሞ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስገባት የተለመደ ነበር፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም፣ አልበሰበሰምም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ከወረቀቱ ላይ እንደገና ወደ ፊልም ተገልብጧል። ሎውረንስ በባዮግራፍ የሠራቻቸው በርካታ ፊልሞች ዛሬ ሊታዩ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም «የለም» ከማለትዎ በፊት የዚህን የወረቀት ስብስብ ዝርዝር፣ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩትን ካታሎግ፣ እንዲሁም በሌሎች ሀገሮች ያሉ የፊልም ቤተ መዛግብትን ይመልከቱ፤ የአሜሪካ ፊልሞች በውጭ ሀገር ቋንቋ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው፣ ርዕሳቸውም ተቀይሮ የተገኙባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ስም ያልተጻፈባቸውን ተዋንያን በፊልም ላይ ለመለየት ሲሞክሩ በፀጉር አሠራርና በልብስ አይመኑ። ጆሮን፣ አገጭን፣ የእጅ እንቅስቃሴን፣ ከወንበር ሲነሱ ሰውነታቸው የሚታጠፍበትን ሁኔታ ያስተያዩ፤ ቢቻል የተዋናይቷ ስም በማስረጃ የተረጋገጠበትን ሌላ ፊልም በጎን ከፍተው እያመሳከሩ ይመልከቱ። እርግጠኛ ካልሆኑ «ትመስላለች» ብለው ይጻፉ፤ ከምናልባት የተነሳ ስም አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ማረም እጅግ ከባድ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት የድሮ የፊልም መጽሔቶች አብዛኞቹ በዲጂታል ቅጂ ተነስተው በሚዲያ ሂስትሪ ዲጂታል ላይብረሪ የኢንተርኔት ገጽ አማካይነት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ደግሞ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆኑ የ1950ው ቆጠራ በ2022 ተለቋል። ተዋንያን ዕድሜያቸውን መቀነስ የተለመደ ስለነበር፣ የልደት ዓመትን ከስቱዲዮ መግለጫ ወይም ከመቃብር ድንጋይ ብቻ መውሰድ አይገባም፤ በልጅነታቸው በቆጠራ ቅጽ ላይ የተመዘገበው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ለእውነቱ ይቀርባል።

ፎቶግራፎችን ማንበብ

ማክዳውል ካሜራውን ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። በ1965 በማሊቡ ባሕር ዳር ባለው ቤቱ የወዳጆቹን እሑዶች በቀለም ፊልም ቀርጿል፤ እነዚያ ድምፅ የሌላቸው ምስሎች ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። ፎቶግራፎቹም በሎስ አንጀለስ አካባቢ ባለው፣ የኦስካር ሽልማትን በሚሰጠው አካዳሚ ሥር በሚገኘው የማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የእሱን ዓይነት ሰው የሚጽፍ ሁሉ ፎቶን ለማስዋቢያ ሳይሆን እንደ ሰነድ ማየትን መልመድ አለበት።

አንድ የስቱዲዮ ፎቶ ሲያገኙ መጀመሪያ ታችኛውን ጥግ ይመልከቱ። ብዙ ስቱዲዮዎች በኔጋቲቩ ላይ የፊልሙን መለያ ቁጥርና የፎቶውን ተራ ቁጥር በትንሹ ይጽፉ ነበር፤ የአንድ ፊልም መለያ ቁጥር ከታወቀ ርዕስ የሌላቸው ሌሎች ፎቶዎችም በዚያው ቁጥር ይለያሉ። ከዚያ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። የጋዜጣ ቤት የቀን ማኅተም፣ ተቆርጦ የተለጠፈ የመግለጫ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈና የተሰረዘ ስም ሊኖር ይችላል። የተሰረዘው ስም አንዳንዴ ከተጻፈው ይበልጥ ይናገራል፤ በዚያን ቀን አዘጋጁ የትኛዋን ተዋናይት ለአንባቢው የማትታወቅ አድርጎ እንደቆጠራት ያሳያልና። የፊልም ቅጂ በእጅዎ ከገባም ጠርዙን ይዩት፤ ኮዳክ ከ1916 ጀምሮ ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት የሚያመለክቱ የክብ፣ የካሬና የሦስት ማዕዘን ምልክቶችን ያትም ነበር። ምልክቶቹ በየሃያ ዓመቱ ስለሚደገሙ ብቻቸውን አይበቁም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲጣመሩ ግን የቅጂውን ዕድሜ ያጠባሉ።

ስለ 1974ቱ ፍተሻ

የማክዳውልን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ሊያልፈው አይችልም፤ ማለዘብም ሆነ ማጋነን አይገባም። በታኅሣሥ 1974 የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ቤቱን ፈትሾ ከ160 በላይ የፊልም ቅጂዎችንና ከአንድ ሺህ በላይ የቪዲዮ ካሴቶችን ወሰደ። ቢሮው በዚያ ወቅት በሕገ ወጥ የፊልም ቅጂዎች ዝውውር ላይ ዘመቻ ይዞ ነበር። ማክዳውል ክስ አልተመሠረተበትም።

አንባቢ ይህን እንዲረዳ የዘመኑ ሁኔታ ሊብራራለት ይገባል። ፊልምን ገዝቶ በቤት ማየት ገና ባልተለመደበት ጊዜ፣ ስቱዲዮዎች ቅጂዎቻቸውን ለቲያትር ቤት ያከራዩ ነበር እንጂ ለግለሰብ አይሸጡም ነበር፤ የቆየ ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ በቴሌቪዥን እስኪተላለፍ መጠበቅ ወይም ከሰብሳቢዎች ቅጂ ማግኘት ነበር። ሕጉ የመብት ባለቤቶቹን ይጠብቃል፤ ባለቤቶቹ ግን ያን ጊዜ ፊልሞቹን ራሳቸውን እምብዛም አይጠብቁም ነበር። ብሔራዊ የፊልም ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1988 ነው፤ ከዓመታት በፊት በስብስቡ ምክንያት የተፈተሸው ሰው በኋላ በዚያው ሕግ በተቋቋመው ቦርድ ውስጥ መቀመጡ፣ ሀገሪቱ ስለ አሮጌ ፊልም የነበራት አስተሳሰብ ምን ያህል እንደተለወጠ ከማንኛውም ትንተና በላይ ያሳያል። በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሰነድ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት መጠየቅ ስለሚቻል፣ ስለ ሟች ሰው የሚጠይቁ ከሆነ የሞት ማረጋገጫ አያይዘው ያመልክቱ።

ከሕያዋን ጋር መነጋገር

በሕይወት ያሉ አረጋውያን ተዋንያንን ወይም ልጆቻቸውን ሲያነጋግሩ «ዝና ሲለይዎ ምን ተሰማዎት?» ብለው አይጀምሩ። የሥራውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ደመወዝ በየስንት ቀኑ ይከፈል እንደነበር፣ ልብሱን ማን ያመጣ እንደነበር፣ መብራቱ ዓይን ያሳምም እንደነበር። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ትዝታው በራሱ ይመጣል። ማክዳውል የወዳጆቹን ምሥጢር በመጠበቅ የታወቀ ነበር፤ ያወቀውን ሁሉ ለገበያ ቢያወጣ ኖሮ ብዙ አንባቢ ባገኘ ነበር። የእሱን ሕይወት የሚጽፍ ሰውም በአደራ የተነገረውን በአደራ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚታተምና ምን እንደማይታተም ተነጋግሮ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

ይህን ዘዴ በሀገራችን ቀደምት የፊልምና የመድረክ ተዋንያን ላይ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ሁለት ነገሮችን ይጨምር። አንደኛ፣ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በራስ ስም ብቻ የተጠቀሰች ተዋናይት በመዝገብ ውስጥ ከሌሎች ጋር ትደባለቃለችና፣ ከመጀመሪያው ማስታወሻ ጀምሮ የአባትንና የአያትን ስም መያዝ ግድ ይላል። ሁለተኛ፣ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተገኘ በጎኑ ይጻፍ። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞችን በወመዘክር እየተቀመጡ ማገላበጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የቲያትር ማስታወቂያዎቹ ብዙ ስም ይዘዋል።

ጽሑፉን ማደራጀት

ምዕራፎቹን በባለታሪኩ ፊልሞች ቅደም ተከተል ብቻ ካደራጁ፣ ለሌሎች ያደረገው ነገር በየምዕራፉ መጨረሻ የሚለጠፍ ተጨማሪ ሆኖ ይቀራል። የተሻለው መንገድ አንድ ምዕራፍ ለእሱ፣ ቀጣዩ እሱ ላስታወሰው ሰው እየሰጡ መሄድ ነው። ሎውረንስ በማክዳውል መጽሐፍ ውስጥ ስትገባ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነትውልድ ከተማዋ፣ ከነሥራዎቿ ዝርዝር ትግባ።

ረቂቁ ሲያልቅ «የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው»፣ «ማንም ያልሠራው» የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ለይተው አንድ በአንድ ማስረጃቸውን ይፈትሹ፤ ማስረጃ ያልተገኘለትን ይሰርዙ። የሰበሰቡትን የፎቶ ቅጂ፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅና የፍለጋ መዝገብ ደግሞ እያንዳንዱ ከየት እንደተገኘ ምልክት አድርገው፣ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤተ መዛግብት ያስረክቡ።